ሻይ የጠጣው ስቶኪንግ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፌቨን የራሷን ልጅ ሊያን ይዛ እዚህ ካልጋሪ፣ ታራዴል ወዳለው ቤታችን መጣች። ሊያ ባሌት ልትጀምር ስለሆነ የተገዛላትን ሁሉ ለእኔ ለማሳየት ቸኩላ ጫማዋን እንኳ በር ላይ አላወለቀችም። ከቦርሳዋ ያወጣችው አንድ ፓኬት ስቶኪንግ ነበር፤ ቡናማ፣ ልክ የእግሯ መልክ። ፓኬቱ ላይ ከነጭ እስከ ጥቁር ድረስ የቀለም ናሙና ተደርድሯል፤ ዛሬ ሰው የራሱን መልክ መርጦ ይገዛል። እኔ ግን ፓኬቱን ከፈት አድርጌ አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። ምንም አይሸትም። ሊያ ሳቀች፤ "እማማ፣ ስቶኪንግ ይሸተታል እንዴ?" አለችኝ። "የእናትሽ ስቶኪንግ ቅርንፉድ ይሸት ነበር" አልኳት። ፌቨን ፊቷን በእጇ ሸፍና "ማሚ፣ ፕሊስ፣ አትጀምሪ" አለች፤ ባለቤቴ ዘሪሁን ደግሞ ከሶፋው ሳይነሳ "ንገሪያት እንጂ፣ ምን ያሳፍራል?" አለ። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ይኸው ጀመርኩ።

ያኔ የምንኖረው ካስልሪጅ የሚባለው ሰፈር ነበር። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ናቸው፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቀውም፣ የለበስኩትን ጃኬት ግን አልረሳውም። ሐምራዊ ነው፣ ትከሻው ስፖንጅ አለው፣ ለብሼው ስገባ በሩ የጠበበ ይመስለኝ ነበር። ከአሮጌ ልብስ መደብር በአምስት ዶላር ነው የገዛሁት፤ ዛሬ በአምስት ዶላር ቁልፉም አይገኝም። ወንዶቹ ጂንሳቸውን እስከ እምብርታቸው ስበው በቀበቶ ጥርቅም ያደርጉት ነበር፤ ያ አለባበስ ደግሞ አሁን ፋሽን ሆኖ ተመልሷል ይሉኛል፣ እግዜር ይሁናቸው። መኪናችን አሮጌ ስለነበረች በክረምት ሞተሯ በብርዱ እንዳይደርቅ እንደ ፍሪጅ ሶኬት ላይ ተሰክታ ነበር የምታድረው። አንድ ቀን ዘሪሁን ገመዱን ሳይነቅል ወደ ሺፍት ተነስቶ እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ እንደ ጭራ ጎትቶታል። የመኪናዋ ቴፕ ካሴት ሲበላ በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን፤ ፌቨን ከኋላ ሆና ከመዝሙሩ ጋር እግሯን ታወዛውዛለች። ይህች ልጅ ዝም ብላ ቆማ አታውቅም ነበር። ሳህን ስታጥብ በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትቆመው፤ ከሱቅ ስንመለስ ወተቱን ይዛ ትሽከረከራለች። የፈሰሰው ወተት ቢጠራቀም ላም ያስገዛን ነበር።

ባሌትን ያመጣችብን ዘይነባ ናት። ዘይነባ የሐረር ልጅ ናት፤ ሞንተሬይ ፓርክ ትኖር ነበር፣ ከእኔ ጋር አንድ ሆቴል አልጋ እናነጥፋለን፣ ልጇ ሐያትና ፌቨን ደግሞ አንድ ክፍል ይማራሉ። "በሰፈሩ አዳራሽ ሚስ ኤዲት የሚባሉ አሮጊት ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራሉ፣ ርካሽ ነው፣ ልጆቹ ቤት ተቀምጠው ቲቪ ላይ ከሚያፈጡ" አለችኝና ሁለቱንም አስመዘገበቻቸው። አዳራሹ የሆኪ ቦርሳና የወለል ሰም ይሸታል። ሚስ ኤዲት ከሰባ ያለፉ፣ ቀጫጫ፣ ጀርባቸው እንደ ክር የቀና ሴት ነበሩ፤ ልጆቹን ሲቆጡ አይጮሁም፣ ዝም ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ያን ጊዜ የሁሉም ልጅ ትከሻ ይስተካከላል። እናቶቹን ግን ይወዱናል፤ ከክፍሉ በኋላ እኔንና ዘይነባን አስቀምጠው ያወሩናል።

የሚያወሩን ስለ እናታቸው ነው። እናታቸው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሌት ደናሽ ነበሩ፤ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞሩ በየሆስፒታሉ ለተኙት ቁስለኛ ወታደሮች ይደንሱ ነበር። ልብሳቸው በአንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ እስከዚያን ዘመን ድረስ ነበር። ሚስ ኤዲት ሳጥኑን ሲከፍቱልን የናፍታሊኑ ሽታ ዓይናችንን አስለቀሰን፣ ያየነው ነገር ግን እንባችንን አደረቀው። ጥምጥም አለ፣ ላባ የተሰካበት። ብርቱካንማና ሐምራዊ የተጋጨበት ሐር አለ። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የባሌት ሰዎች የዓለምን ሴት አለባበስ ገለበጡት ብለው አስረዱን፤ ወገብ አንቆ የሚይዘው ኮርሴት ላላ፣ የመድረኩ ጥምጥምና ሰፊ ሱሪ ወርዶ መንገድ ላይ ወጣ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ሴቶች ሥራ ስለገቡ ቀሚሱ ለመራመድ እንዲመች ከቁርጭምጭሚት ከፍ አለና ሰፋ። ዘይነባ ከሳጥኑ አንድ ሱሪ አወጣች፤ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ እግር ላይ የተሰበሰበ። አገላብጣ አየችውና "ይሄማ የአያቴ ሱሪ ነው" አለች። "ሐረር ብትሄጂ በየበሩ ታዪዋለሽ። እነዚህ ሰዎች ፋሽን ብለው የወሰዱት ከእኛ ነው እንዴ?" ለሚስ ኤዲት ተረጎምኩላቸው። "ሳይወስዱ አይቀሩም" አሉና ሱሪውን ለሐያት እንዲሆን አስጠበቡላት።

በዚያ ዓመት ሚስ ኤዲት የእናታቸውን ዘመን ልብሶች መድረክ ላይ ሊያወጡ አሰቡ። ዝግጅቱ በመጋቢት፣ በራሱ በአዳራሹ። የእናታቸውን ዳንስ የምትደንሰው ልጅ ደግሞ ፌቨን ሆነች። ልጄ ያንን የሰማች ቀን ከአዳራሹ እስከ መኪናው በረዶ ላይ ስትሽከረከር ሄዳ ሁለቴ ወደቀች። እኔ ደስ ቢለኝም አንድ ሰው ያሳስበኝ ነበር፤ ዘሪሁን።

ዘሪሁን ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፣ የባሌት አጭር ቀሚስ በቲቪ ካየ ጊዜ ጀምሮ ነገሩ አልጣመውም። እኔ የሚስ ኤዲትን እናት ፎቶግራፍ ወስጄ አሳየሁት፤ ቀሚሱ ከጉልበት በታች፣ ከዚያ በታች ደግሞ ስቶኪንግ። ብዙ አየው። "ይሄ ከሆነ እሺ" አለ። "እግሯ ከተሸፈነ ትደንስ። ራቁት እግሯን ሰው ፊት ካየሁ ግን ባሌት የሚባል ነገር በዚህ ቤት አበቃ።" ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዘሪሁን ደግሞ ያለውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ፌቨን በሩ ሥር ቆማ ሰምታለች።

ችግሩ ስቶኪንጉ ነበር። በዚያ ዘመን የባሌት ስቶኪንግ አንድ ቀለም ብቻ ነበረው፤ ሮዝ። "የሥጋ ቀለም" ይሉታል፣ የማን ሥጋ እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ፌቨን ለበሰችውና መስታወት ፊት ቆመች። "ማሚ፣ ላይክ፣ ፊቴ የእኔ ነው፣ እጄ የእኔ ነው፣ እግሬ ግን የሌላ ሰው ነው። ጀስት ሉክ" አለችኝ። አየሁ፤ እውነቷን ነው፣ የተቀጠለ እግር ይመስላል። አብራኝ የነበረችው ዘይነባ ሳቋን ለመያዝ ወደ ኩሽና ሮጠች። ለሚስ ኤዲት ስንነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ጦርነቱ ሲጀመር ለካ የጨርቅ ማቅለሚያው ይመጣ የነበረው ከጠላት አገር ኖሯል፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ቀለም ጠፋ። ያኔ ደናሾቹ ስቶኪንጋቸውን በሻይ መንከር ጀመሩ። "ወፍራም ሻይ አፍሉ፣ ሙቅ እንዳለ ንከሩት፣ ጨምቃችሁ አስጡት፣ በውሃ አታለቅልቁት" አሉን። "እናቴ ሻዩን እያቀጠነች የነጭ እግር ታወጣ ነበር። እናንተ አወፍሩት፣ የእናንተን እግር ታወጣላችሁ።" እኔና ዘይነባ ተያየን። ሻይ ማወፈር ከእኛ ወዲያ ለአሳር።

ስለ ዘሪሁን ሻይ እዚህ ላይ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ የትምህርት ቤት ጂም ተከራይቶ ነበር የሚሰበሰበው፤ ከጉባኤው በኋላ ሻይ አለ፣ ሻዩን የሚያፈላው ዘሪሁን ነው። ልጅ የሚታጠብበት የሚያህል ድስት አለው፤ ቅጠሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ሄሉን ይጨምርና በመጨረሻ ስኳሩን ከነከረጢቱ ይገለብጠዋል። በየኩባያው ስኳር ማድረግ የሚባል ነገር አያውቅም። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ስኳር ያለባቸው እናት ነበሩን፤ "ዘሪሁን ልጄ፣ ለእኔ ያለ ስኳር ትንሽ ቀንስልኝ" ብለው በየእሁዱ ይለምኑታል። እሱ ሙቅ ውሃ ይሰጣቸዋል እንጂ ያለ ስኳር ሻይ አያፈላም። ልጅ ሆኖ በአገር ቤት ጦርነት ነበር፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው፣ እሱም ከተገኘ። እናቱ የእሳቸውን ድርሻ ለእሱ እየሰጡ እሳቸው ሻያቸውን በጨው ይጠጡ ነበር። "ሻይ ያለ ስኳር የጦርነት ሻይ ነው፤ በእኔ እጅ አይፈላም" ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግሁ? ቅጠል ከመግዛት ብዬ ከዝግጅቱ በፊት በነበረው እሁድ ከድስቱ የተረፈውን ሻይ በሁለት ትልልቅ የጭማቂ ጀሪካን ቀድቼ ለዘይነባ ወሰድኩላት። ለዘሪሁን አልነገርኩትም፤ ሻዩን ለእግር አዋልኩት ማለት አፌ ላይ አልመጣልኝም። ስኳሩንስ እንዴት ዘነጋችሁት ትሉኝ ይሆናል። አልዘነጋነውም፤ ፈጽሞ አላሰብነውም። እኛ ሻይ ስንል ስኳሩ ውስጡ ነው፣ ውሃ ስንል እርጥብ መሆኑን እንደማንናገረው። ሚስ ኤዲትም ስኳር አታድርጉ አላሉንም፣ ስቶኪንግ ሊነክር ሻይ የሚያጣፍጥ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብለው በምን ያስቡት? ሻዩን አሙቀን የልጆቹን ሁሉ ስቶኪንግ ነከርን፣ ወደው ያስነከሩ የነጮች ልጆችም ነበሩበት፣ ለእነሱ ለአፍታ ብቻ አስነካን። ዘይነባ በማንኪያ እያማሰለች "ሐያት ትንሽ ጠየም ትላለች፣ የእሷን አቆዪው" ትለኛለች። ቤቱ የበዓል ሽታ ሸተተ።

በዚያ ቀን ቺኑክ ነበር። ካልጋሪ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ በክረምቱ መሃል ከተራራው ሞቃት ንፋስ ይነሳና በግማሽ ቀን በረዶውን ሁሉ ጠራርጎ፣ ሰውን በቲሸርት አስወጥቶ ይሄዳል። እኛም ስቶኪንጎቹን በዘይነባ ጓሮ አጥር ላይ አሰጣናቸው። ያን ሁሉ እግር በንፋስ ሲራገጥ ማየት ራሱ ትዕይንት ነው። የጎረቤት ውሻ ከወዲያ ማዶ አንገቱን አስገብቶ የሐያትን ስቶኪንግ ይልስ ጀመር፤ እኛ ውሻ ነው ብለን አባረርነው፣ ምን አግኝቶ እንደሚልስ አልጠየቅንም። ዘይነባ ውሻ የነካውን ልጄ አትለብስም ብላ የሐያትን ወስዳ ደጋግማ አጠበችው። ሲደርቁ የሌሎቹ እንደ ቆርቆሮ ደርቀው ቀጥ ብለው ቆሙ። "ቀለሙ ይዟል ማለት ነው" አለች ዘይነባ። በእጃችን አሽተን አለሰለስናቸው፣ ሁለታችንም በሥራችን ኮራን።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግማሹ መጥቷል፣ እትዬ ብርቄ ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ኮሪደር የልጆቹን ጥምጥም አስራለሁ። ፌቨን ለብሳ ወጣች። ብርቱካንማ ጥምጥም፣ ሰፊ ነጭ ቀሚስ፣ ከዚያ በታች ያ የራሷ እግር። እንዴት አማረች። መስታወት ፊት ቆማ እግሯን ዘረጋች፣ መለሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ማሚ፣ ኢትስ ሚ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ዘሪሁን ከሺፍት ቀጥታ የዌርሃውስ ጃኬቱን እንደለበሰ በኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ያለው። ፈገግ ብሎ መጣ። እግሯን አየ። ፈገግታው ጠፋ። እኔም በእሱ ዓይን አየሁት፤ ሮዙ ስቶኪንግ ቢያስቀይምም መሸፈኑ ከሩቅ ይታያል፣ የእኛ ግን የልጅቷን መልክ ልክ ስለያዘ ባዶ እግር ነው የሚመስለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

"ፌቨን፣ ልብስሽን ቀይሪ። ወደ ቤት እንሄዳለን" አለ። ዘሪሁን ድምፁን ዝቅ ካደረገ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ተነጋግረን ነበር። እግሯ ባዶ ነው።"

"ስቶኪንግ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

"አትማይ። እኔም ዓይን አለኝ።"

ፌቨን አላለቀሰችም። አንድ እግሯን ወደ ፊት አወጣች። "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ለብሻለሁ። ንካው" አለችው።

ዘሪሁን እየተቆጣ ቁጢጥ አለና በአንድ ጣቱ ከጉልበቷ በታች ነካ አደረጋት። ጣቱን ሲያነሳ ስቶኪንጉ አብሮት ተነሳ፤ እንደ ማስቲካ ተሳበና ተመለሰ። ጣቱን አየው። እኔን አየኝ። ጣቱን አሸተተው፣ ከዚያ የሽማግሌ ወጉን ረስቶ ቀመሰው።

"ይሄ የእኔ ሻይ ነው" አለ።

እኔ ሳቄን ልይዝ ብዬ ጥምጥሙን ነከስኩ። ለካ ልጆቹ በሙሉ ላብ ሲነካቸው ስኳሩ ቀልጦ ጭናቸው ከጭናቸው እየተጣበቀ ኖሯል፤ ከወዲያ አንዷ እንደ ዳክዬ እየሄደች መጣች፣ ሌላዋ ወንበር ላይ ተጣብቃ እርዱኝ ትላለች። ደህና የቆመችው ያቺ ውሻው የላሰላት ሐያት ብቻ ናት። ሚስ ኤዲት ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ዘሪሁን ከወለሉ ሳይነሳ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው አስረዳቸው፤ ሻዩ የእሱ መሆኑን፣ ስኳሩን ስንት ከረጢት እንደሚያደርግ ጭምር። አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ዓይናቸውን እየጠረጉ "እናቴ ብታይ ትቀና ነበር" አሉ። "በእነሱ ጊዜ እንኳን ለእግር፣ ለአፍም ስኳር አልነበረም።" ተረጎምኩለት። ዘሪሁን ፊቱ ተለወጠ። ቀና ብሎ አያቸውና "አስ ቱ" አላቸው፤ እኛም። ከዚያ ዘሪሁን ጃኬቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና "ቤቢ ፓውደር ያለው ሰው ፈልጊ" አለኝ። ፓውደሩ ሲገኝ ሌሎቹን ልጆች ለየእናቶቻቸው ትቶ የፌቨንን እግር ራሱ በፓውደር አሸላት፤ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ሕፃንነቷ።

ዳንሱን እንዴት ልንገራችሁ። ፌቨን ስትዞር የፓውደር ጭስ ከእግሯ ሥር ይነሳል፤ ተመልካቹ ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት አጨበጨበ። አዳራሹ ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ፤ ከፊት የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሻይ የደረሰ መስሏቸው ወደ ኋላ ይዞራሉ። ዘሪሁን ከእትዬ ብርቄ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ዳንሱ ሲያልቅ እልል ማለት ወንድ አይችልበትም እንጂ ሊል ነበር። በደስታ አልቅሼ የማውቀው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያ ቀን አንዱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሚስ ኤዲት ደግመው አዘጋጁ። ዝግጅቱ ሲቃረብ አንድ እሁድ የጂሙ ኩሽና ውስጥ ስገባ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ተጥዷል። ትልቁን አውቀዋለሁ። ከአጠገቡ አንድ ትንሽ ድስት አለ፤ ጥቁር፣ ወፍራም ሻይ ይንተከተክበታል። ዘሪሁን የስኳሩን ከረጢት ትልቁ ላይ ገለበጠና የቀረውን አጥፎ አስቀመጠው።

"ትንሹስ?" አልኩት።

"እሱ የፌቨን ነው። ስኳር የለውም።"

እትዬ ብርቄ ከበሩ ሆነው ሰሙ። ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ፣ ትንሹን ድስት አዩ፣ ዘሪሁንን አዩ። "ዘሪሁን ልጄ፣ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ለምኜህ እምቢ ያልከኝን ለእግር ታፈላለህ?" አሉት።

"እትዬ፣ ምን ላድርግ? እርስዎ አይደንሱማ።"

እትዬ ብርቄ ከዘራቸውን ለእኔ አስያዙኝ። በአንድ እጃቸው ምድጃውን ያዙ፣ ቀሚሳቸውን ትንሽ ሰብሰብ አደረጉ፣ ከዚያ ተረከዛቸውን ከወለሉ አነሱና በጣቶቻቸው ጫፍ ቆሙ። ዘሪሁን ኩባያ አነሳና ከትንሹ ድስት ቀዳላቸው።